የአዴቷ ልጅ «ዕዳ»፦ በባሕር ዳር አራት ተማሪዎች፣ ሦስት ቤተሰብና አንድ ቆጣሪ

የካቲት 2015 ዓ.ም በገባ በሦስተኛው ቀን አከራያችን በራችን ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ያለፈው ወር መብራት 430 ብር ደርሶባችኋል» አሉን። እስከዚያ ቀን ድረስ በየወሩ የምንሰጣቸው 150 ብር ነበር። አራታችንም ቤት ውስጥ ነበርን፤ አራታችንም «እሺ እትዬ» ብለን በሩን ዘጋን። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ቤታችን ሊበተን ምንም አልቀረውም።

ያን ጊዜ ገንዘብ ያዧ እኔ ነበርኩ። የጻፍኩበት ደብተር እስካሁን አብሮኝ አለ፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ከእሱ የተወሰዱ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በየዓመቱ በመብራትና በኪራይ ሲቀያየሙ እሰማለሁ፤ አብዛኞቹ የተጣሉት በብር እጥረት ይመስላቸዋል። እኛም እንደዚያ መስሎን ነበር። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ያገኘነው ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቤቱና ሰዎቹ

ቤቱ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ካምፓስ በር በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ በሚያስኬድ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል በ3,000 ብር፣ ለአንድ ሰው 750 ብር ይደርሳል። በግቢው ሦስት ቤተሰብ ይኖራል፤ በፊት ለፊቱ ቤት እትዬ ከወንድ ልጃቸው ጋር፣ በጎን እኛ፣ ከጓሮ ደግሞ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታስረክብ እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር። እሷ የገባችው በታኅሣሥ ነው። የመብራት ቆጣሪው ለሦስታችንም አንድ ነው፤ የውሃውም እንደዚሁ።

ልጆቹን በመጡበት አገር ልጥራቸው፤ ያኔም እርስ በርሳችን እንደዚያ ነበር የምንጠራራው። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። አባቴ መምህር ስለሆነ ደመወዙ እንደወጣ በወሩ መጨረሻ ይልክልኛል። የምማረው አካውንቲንግ ነበር፤ ገንዘብ ያዥ የሆንኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የጎንደሯ ፖሊ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሌላ ካምፓስ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ትማር ነበር፤ የምታስተምራት ዓረብ አገር ያለች እህቷ ናት። ብሩ ሲመጣ ብዙ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም፤ አንዳንዴ በወር፣ አንዳንዴ በሦስት ወር። የዳንግላዋ ቀን መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራለች፣ ማታ በኤክስቴንሽን ትማራለች። ደመወዟን የምታገኘው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነው።

አራተኛዋ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአዴት ናት፤ ፔዳ ባዮሎጂ ትማር ነበር። ቤተሰቧ የሚኖረው በጤፍ ነው። ጤፍ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፣ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣው በጥርና በየካቲት ነው። በዚያ ቤት ጥሬ ብር የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያኔ ነው። የቤት ኪራይ ግን ጥቅምትም ይጠየቃል፣ ኅዳርም ይጠየቃል። አራት ሰዎች አራት የተለያየ የገንዘብ ቀን ይዘን ወር በገባ በሦስተኛው ቀን እኩል እንድንከፍል ተስማምተን ገባን። ስንስማማ ይህን ማናችንም አላነሳነውም።

ሦስታችን መደበኛ ተማሪዎች ስለሆንን ቀደም ሲል ዶርም ውስጥ ነበርን። በዶርም ኑሮ የመብራት ሂሳብ የሚባል ወረቀት በዓይን አይታይም። የምግቡና የመኝታው ወጪ፣ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ውል ላይ ሰፍሮ፣ ተመርቆ ሥራ ሲያዝ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነው። ዕዳው አለ፤ ግን ሩቅ ነው። አምፖል ሲበራ የሆነ ቦታ ቁጥር እንደሚቆጠር በዓይናችን ያየነው ከግቢ ከወጣን በኋላ ነው።

ከ430 ብሩ በፊት

የአዴቷ ጥቅምት ላይ ስትመጣ ሃምሳ ኪሎ ጤፍ፣ ስምንት ኪሎ ሽሮና በርበሬ ይዛ መጣች። የጥቅምቱን ኪራይም ከፈለች። ኅዳር ላይ «አባቴ እህሉን ሲሸጥ እሰጣችኋለሁ» አለች። ታኅሣሥ ላይ ምንም አላለችም። ጥር ላይ እኛ ምንም አላልንም። እትዬ ሙሉውን ኪራይ ስለሚፈልጉ እኔና የዳንግላዋ ከየኪሳችን እየሞላን ሰጠን፤ እኔም በደብተሬ «አዴት» በሚለው ገጽ መዘገብኩት። የሦስት ወር ኪራይ 2,250 ብር፣ ከመብራት፣ ከውሃና ከከሰል ድርሻዋ ጋር 2,590 ብር።

ያን ገጽ ለማንም አላሳየሁም። «አልከፈልሽም» ማለት ነውር ሆኖብኝ ነበር። ይሉኝታ የምንለው ነገር ሰውን ከማሳፈር ያድነናል ብለን እናስባለን፤ እኔ ግን ያኔ ያየሁት እፍረቱን ለአራት ወር ሲያራዝመው ነው። ልጅቷ ማምሸት አቆመች። ሁላችን ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ልብስ የማጠብ ሥራ ትይዛለች። ውሃ በቀን ጠፍታ ሌሊት ስትመጣ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ብቻዋን ትሞላለች። በቀን የምንጠቀመው ስምንት ጀሪካን ነበር፤ ባለ ሃያ ሊትር ስለሆነ በወር 4.8 ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ ከዚያ አብዛኛውን የቀዳችው እሷ ናት። ሳህን የምታጥበው እሷ፣ ሽሮ የምትሠራው እሷ። እኔ ደግ ልጅ ናት እያልኩ አልፍ ነበር። በጉልበቷ እየከፈለች እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል።

እንግዲህ 430 ብር የመጣው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው የጎንደሯ ናት፤ «የጓሮዋ ናት ያመጣችብን፤ ምጣዷ መቼ ይጠፋና!» የዳንግላዋ ቀጠለች፤ «እኔ ቀን ቤት አልውልም። ማታ ሦስት ሰዓት እገባለሁ፣ ለምንድነው እኩል የምከፍለው? ስቶቩን ቀኑን ሙሉ የሚያበራው ማን እንደሆነ ይታወቃል።» ስም አልጠራችም። ስቶቩን የሚያበራው ማን እንደሆነ ግን በእርግጥ ይታወቅ ነበር። የአዴቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች። ማታ ስትመለስ «ዶርም እጠይቃለሁ፤ ዕዳችሁንም አባቴ ሲሸጥ እልካለሁ» አለችን።

ቆጠራው

የጎንደሯን ያነሳሳት ንዴት ነው። «በወረቀት ላሳያቸውና እትዬ ራሳቸው ይፍረዱ» ብላ ጀመረች። ዘዴው ለማንም ሰው ይሠራል፤ በየዕቃው ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈውን ዋት ማንበብ፣ በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት፣ ለሺህ ማካፈል። የሚገኘው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቆጣሪውም የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። የየካቲትን ወር ቆጣሪውን እያነበብን ጻፍን።

የእኛ ቤት እንዲህ ሆነ። ባለ አንድ ምድጃው ስቶቭ 1,000 ዋት ነው፤ በአማካይ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚበራ በወር 75 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። (ዐቢይ ጾም በወሩ አጋማሽ ገብቶ አንዳንዶቻችን በቀን አንዴ መብላት ስለጀመርን እንጂ ከዚህም ይበልጥ ነበር።) ሦስቱ ላፕቶፖች አንድ ላይ 22፣ ካውያው 9፣ ሦስቱ ባለ ዘጠኝ ዋት አምፖሎች በቀን ስድስት ሰዓት በርተው 5 ብቻ። ድምሩ 111 ነው። አምፖል ካልጠፋ እያልን ስንት ቀን እንደተነታረክን ሳስብ ያ 5 ቁጥር ገረመኝ። ከቤታችን ፍጆታ ከሦስት እጅ ሁለቱ የስቶቩ ነው።

እትዬ ቤት ማቀዝቀዣ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ በሳምንት አንዴ ይጋገራል፤ እሳቸው ጋ ገብተን አንድ በአንድ እየጠየቅን ስንደምር 150 ገደማ መጣ። የጓሮዋ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። በወሩ ውስጥ አሥራ ሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ጋግራለች፤ 180 ይጠጋል። ከስቶቭና ከአምፖል ጋር 215። ሦስቱም ቤት ሲደመር 476። ቆጣሪው ያሳየው ደግሞ 503 ነበር። ሃያ ሰባቷን ፈልገን አላገኘናትም፤ ምናልባት የሰዓት ግምታችን ተሳስቶ፣ ምናልባትም ያላየነው ዕቃ ኖሮ። ለተማሪ ግምት ግን ይህ ትንሽ ስህተት ነው።

በዚህ ስሌት የእኛ ድርሻ ከመቶ 23 ነው፤ የምንጠየቀው ግን ሲሶ፣ 33 ነው። የጎንደሯ ወረቀቱን ይዛ በደስታ ወጣች፤ ተከትዬያት ሄድኩ።

እትዬ ወረቀቱን ልጃቸው ሲያነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ዝግ ብለው «ደግ። የእናንተስ እንጀራ የት ነው የሚጋገረው?» አሉን።

የሚጋገረው ጓሮ ነው። የአዴቷ ጤፉን ወፍጮ ቤት ወስዳ ታስፈጫለች፣ ታቦካለች፤ የጓሮዋ እናት ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የራሷን ስትጨርስ ምጣዱ ሳይበርድ የእኛን ትጋግርልናለች። በሳምንት አሥራ ሁለት እንጀራ። አንድ ብር ጠይቃን አታውቅም። «እህታለም፣ እጅሽ ይባረክ» እንላታለን፣ እሷም «ብሉ፣ ተማሩ» ትላለች፤ በዚሁ ያልቃል። ያን እንጀራ ከሂሳቡ ውስጥ ማስገባት ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

እትዬ ሌላም ነገር ነገሩን። 150 ብሩን የወሰኑት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ታሪፉ ሲጨምር ልዩነቱን ከራሳቸው ኪስ እየሸፈኑ ቆይተዋል። «ተማሪ ናችሁ ብዬ ነው» አሉ። ታኅሣሥ ላይ ምጣድ ሲጨመር ግን አልቻሉም።

ለምን እንዳልቻሉ የጎንደሯ ኋላ ላይ አስረዳችን። የመብራት ዋጋ በእርከን ነው። በ2011 ዓ.ም ወጥቶ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል በተደረገው ታሪፍ፣ በእኛ ጊዜ የዝቅተኛው እርከን፣ ማለትም እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው፣ የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ዘጠኝ እጥፍ ነው። እርከኑ የተሠራው ትንሽ የሚጠቀም ድሃ ትንሽ እንዲከፍል ታስቦ ነው፤ ነገር ግን የሚያየው ቆጣሪውን እንጂ ከቆጣሪው ወዲያ ስንት ቤት እንዳለ አይደለም። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም በመዝገብ የሚታየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቆጣሪ ቢኖረን በመካከለኛው እርከን እንቀር ነበር። በባሕር ዳር ግቢዎች ውስጥ ቆጣሪ ተጋርቶ የሚኖር ብዙ ተከራይ ይህን ጭማሪ ሳያውቀው ይከፍላል፤ ተማሪ ብቻ አይደለም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ጠጅ ቤት የምትሠራዋም።

«ታዲያ የየራሳችን ቆጣሪ ለምን አናስገባም?» ብለን ጠየቅናቸው። የቤቱ ይዞታ በሟች ባላቸው ስም ነው፤ የውርስ ነገር አላለቀም። ጉዳዩ እዚያው ቆመ።

ጤፉ

ማታ ሂሳቡን እንደገና ልሠራው ተቀመጥኩ። የእኛን እንጀራ ለመጋገር በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት። ከጓሮዋ ላይ ቀንሼ ወደ እኛ ስጨምረው እኛ 126 ሆንን፣ እትዬ 150፣ የጓሮዋ 200። የእኛ ድርሻ ከ23 ወደ 26 ተኩል ወጣ። ከሲሶ አሁንም ያንሳል፤ በብር ሳሰላው ግን ልዩነቱ ወደ 90 ብር፣ ለአንድ ሰው 22 ብር ነው። ቤት ልንበትን የነበረው በ22 ብር ነበር።

ለሂሳቡ ስል «እንጀራ፣ በሳምንት 12» ብዬ ጽፌ ነበር። ከጎኑ የጤፉን ኪሎ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ጤፉ የማን ነው? ደብተሬን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሬ ገለጥኩ። ከጥቅምት ጀምሮ ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ ሳሙና እንኳን አለ። ጤፍ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ አካውንቲንግ የተማርኩ ሰው፣ ብር ሆኖ የገባውን ሁሉ መዝግቤ እህል ሆኖ የገባውን አንዱንም አልመዘገብኩም።

የጥቅምቱን ዋጋ አስታወስኩ። ያኔ ጎረቤት ስትገዛ ኪሎው 58 ብር ነበር፤ ሃምሳ ኪሎ 2,900 ብር። ሽሮው በ110 ሂሳብ ስምንት ኪሎ 880። በአንድ ላይ 3,780 ብር። በርበሬውን ተውኩት፤ የሌሊት ውሃውንም፣ ወጥ መሥራቱንም ተውኩት። ጤፉ እስከ ጥር መጨረሻ አራታችንንም አብልቶናል፤ ስለዚህ ለአራት ሲካፈል ለአንዱ 945 ይደርሳል። ሦስታችን ለአዴቷ የምንሰጣት 2,835 ብር ነው። እሷ ለእኛ የምትሰጠን 2,590። ተቀናንሶ 245 ብር ይቀራል፤ ባለዕዳዎቹ እኛ ነን።

ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ደመርኩት።

በማግስቱ ማታ የዳንግላዋ እስክትመጣ ጠብቄ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። የአዴቷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ጤፍ ይቆጠራል እንዴ?» አለች። «እናቴ ‹ከጓደኞችሽ ጋር ብዪ› ብላ ነው የሰጠችኝ። የእናቴን ጤፍ ለእናንተ ሸጥኩ ልትሉኝ ነው?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ትክክል ነበረች፤ በአገራችን ከቤት የመጣ ስንቅ በዋጋ አይተመንም፤ የሚተምን ሰው ስግብግብ ይባላል። ግን ደግሞ ይህ ክብር ነው ልጅቷን ለአራት ወር ያደቀቃት። እህል ያመጣ ሰው የሰጠው ስጦታ ይሆናል፣ ብር ያመጣ ሰው የሰጠው መዋጮ። ስጦታ አይመዘገብም፣ መዋጮ ይመዘገባል። በዓመቱ መጨረሻ ገበሬው ሁልጊዜ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። ይህ በአንድ የተማሪ ቤት ብቻ የሚሆን ነገር አይመስለኝም።

መፍትሔ ያመጣችው የዳንግላዋ ናት፤ ያቺው በስቶቭ የተናገረችው። «እሺ፣ ጤፉ አይቆጠር። እንግዲያው የእኛም ብር አይቆጠርም። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ብዬ ነው የከፈልኩት» አለችና ደብተሩን ወስዳ ሁለቱንም ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። ከዚያ ሄዳ የአዴቷን አቀፈቻት። ስለ ስቶቩ ይቅርታ ስትጠይቃት ሰምቻለሁ፤ ምን እንደተባባሉ ለእነሱ ልተወው።

ከየካቲት በኋላ

አዲስ አሠራር ያወጣነው በዚያ ሳምንት ነው። አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ሠርቷል፣ አንዳንዱ አልሠራም።

ከሁሉ የጠቀመን የክፍያውን ቀን ከየሰው ገቢ ጋር ማስማማት ነው። የአዴቷ አባት በየካቲት መጨረሻ ጤፍ ሸጠው ብር ሲልኩላት እስከ ሰኔ ያለውን የአራት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ከፈለች። የጎንደሯ እህቷ በላከች ቁጥር የሦስት ወር ታስቀምጣለች። ወር በወር የምንከፍለው ደመወዝተኞቹ፣ እኔ በአባቴ በኩል፣ የዳንግላዋ በራሷ፣ ብቻ ሆንን። መካከሉን የሚሞላ 1,200 ብር የጋራ ኪስ አቋቋምን። እትዬ ሙሉውን ኪራይ በቀኑ ያገኛሉ፤ ማን የቱን ያህል እንዳስቀደመና ማን እንዳስከተለ የምናውቀው እኛ ነን። ይህን ጥቅምት ላይ አድርገነው ቢሆን የአዴቷ አንድም ቀን ባለዕዳ አትባልም ነበር። የገበሬ ልጅ ከሆነች ጓደኛ ጋር ቤት የምትይዙ፣ ስትገቡ «ብር የሚመጣልሽ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው አያሳፍርም።

የጋራው ገንዘብ በዳንግላዋ ቴሌብር ተቀመጠ፤ ደብተሩን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። ገንዘብ የሚይዝና መዝገብ የሚጽፍ ሰው መለያየት እንዳለበት በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሁለቱንም ብቻዬን ይዤ ስለነበር ነው ያ የተደበቀ ገጽ የተፈጠረው። ደብተሩ በበሩ ጀርባ በሚስማር ተሰቀለ፤ ማንም ሲያልፍ ያየዋል። ከቤት የሚመጣ እህል በብር ሳይሆን በኪሎ እንዲጻፍ ተስማማን። «አዴት፣ ሽሮ 5 ኪሎ» ይላል፤ ዋጋ የለውም። የአዴቷ ይህን ተቀበለችው። ዋጋ ባይኖረውም ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ስለሚታይ ማንም አይረሳውም።

ከእትዬ ጋር መብራቱን ከአሥር እጅ እንድንካፈል ተስማማን፤ እኛ ሦስት፣ እሳቸው ሦስት፣ የጓሮዋ አራት። በሦስተኛ ሳምንቱ የጓሮዋ እናት ወደ እኛ መጥታ «አራቱ አይበዛብኝም፤ ሥራዬ ነው። ኪራይ ይጨምሩብኛል ብዬ ነው የፈራሁት» አለች። እሷንም ማንም አላናገራትም ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆጣሪውን አንድ ሰው ከየቤቱ ሆኖ ያነባል፤ ከዚያ አንዳንዴ ጣና ዳር ወርደን ነፋስ ተቀብለን እንመለሳለን።

ያልሠራው ደግሞ የስቶቩ ነገር ነው። በአጠቃቀም እንካፈል ብንል ብዙ የሚከፍለው ቤት ውስጥ የሚያበስለው ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያበስለው ደግሞ ውጭ የሚበላበት ብር የሌለው ነው። ስለዚህ እኩል ተውነው። የዳንግላዋ እስከ መጨረሻው ትንሽ ቅር እያላት ከፍላለች፤ እውነት ለመናገር እሷም ያለ ምክንያት አልነበረም ቅር ያላት። ለሁሉም ልክ የሚሆን አካፋፈል ፈልገን አላገኘንም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ቤት የሚይዝ ተማሪ ከእኛ ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የመብራት ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። «በወር ይህን ያህል» ብሎ አንድ ጊዜ በቃል የተቆረጠ ሂሳብ በሩብ ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ ወይ አከራይ ይጎዳል ወይ ተከራይ። የሂሳቡን ወረቀት አይቶ መካፈል ይሻላል። እኛ ከእትዬ ጋር የጽሑፍ ውል አልነበረንም። ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውል ስትጽፉ ኪራዩን ብቻ አትጻፉ፤ ቆጣሪው ስንት ቤት እንደሚያገለግል፣ መብራትና ውሃው በምን እንደሚካፈል አንድ መስመር ጨምሩበት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ስንለያይ የመጨረሻው ወር ሂሳብ ገና አልመጣም ነበርና 400 ብር ለእትዬ ትተን ወጣን። ሐምሌ ላይ ልጃቸው ደውሎ 371 መድረሱን ነገረን፣ ተራፊውንም ለዳንግላዋ በቴሌብር መለሰላት። ለማን ይሁን ብላ ጠየቀችን፤ የጎንደሯም እኔም አንድ ስም ነው የተናገርነው። በደብተሩ የመጨረሻው መስመር «ሐምሌ 9፣ መብራት 371፣ ተራፊ 29፣ ለአዴት ተላከ» ይላል። በየካቲት ገጽ ላይ የተሰረዘው 245 ደግሞ ከቀዩ መስመር ሥር እስካሁን ይነበባል።